የመጀመሪያው እረፍታችን በውሃ ከበብ

እረፍት የሚባለውን ነገር የተማርኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቴን ዘግቼ የወጣሁባቸው ቀናት ሁሉ ምክንያት ነበራቸው፤ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የመምህራን ስልጠና፣ ጠበል። ዝም ብሎ ለመደሰት ተብሎ ከቤት መውጣት በብቸና ከተማ ለእኔ ቢጤ ባለትዳር ሴት የሚያሳፍር ነገር ነበር። ያንን እፍረት የጣልኩበትን የፋሲካ ሰሞን ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

ያኔ ብቸና ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ባለቤቴ ምንይችል የሞጣ ልጅ ነው፤ አናጺ ነው። ሰው ሁሉ በእጁ ሥራና በዝምታው ያውቀዋል። ደንበኛ መጥቶ ስለ ቁም ሳጥን ግማሽ ሰዓት ቢያወራለት መልሱ «እሺ፣ ይደርሳል» ብቻ ነው። አንዲት ልጅ አለችን፣ ፍሬሕይወት። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባችና ሻንጣዋን አሸክመን ሸኘናት። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ጉዳችንን ያወቅነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት እኔና ባሌ በእሷ በኩል ነበር የምንነጋገረው። «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው»፣ «እናትሽን ቁልፉን የት እንዳደረገችው ጠይቂያት» ስንባባል ኖረን፣ አስታራቂም ተርጓሚም የሆነችው ልጅ ስትወጣ ቤቱ ጭር አለ። አልተጣላንም። ግን እራት እየበላን የሬዲዮ ዜና እንሰማለን፤ ዜናው ሲያልቅ እንተኛለን።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከአርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ ታደለ የሚባል መምህር ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ የት ልትሄጂ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የትም አልኩት። እሱ በየዓመቱ ከሚስቱ ጋር ለጥቂት ቀን ወደ አንድ ሐይቅ ወይም ተራራ እንደሚሄድ ነገረኝ። እዚያ ሄዳችሁ ምን ትሠራላችሁ አልኩት፤ ከልቤ ነበር የጠየቅሁት። ተራራ እንወጣለን፣ እንዋኛለን፣ ዓሣ እናጠምዳለን፣ በቀን እንተኛለን አለኝ። በቀን ያለ ሕመም የሚተኛ ሰው አስቡት! እኔ ደግሞ በስንተኛው ቀን ሥራ ትጀምራላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። ታደለ እስኪያስለው ሳቀ።

ማታ ይህን ለምንይችል እንደ ቀልድ አወራሁለት። ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሊጎርስ ያነሳውን እጁን መልሶ አስቀመጠ።

«ከሞጣ በታች ቆላው ውስጥ አንድ ተራራ አለ» አለ። «ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ዙሪያውን ያቅፈዋል። ውሃ ከበብ ይሉታል። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ለማር ቆረጣ ወርጄ አንድ ቀን ብቻ አድሬበታለሁ። እስካሁን በሕልሜ አየዋለሁ።»

አብሬው ስኖር ይህን ተራራ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። የሚያልም ሰው መሆኑንም አላውቅም ነበር። «ለምን አንሄድም?» አልኩት፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴም ደነገጥኩ።

ፋሲካን ብቸና ውለን በማግስቱ በአውቶቡስ ሞጣ ገባን። ግንደወይን ላይ አውቶቡሱ ጎማ ቀይሮ ነበርና የደረስነው መሽቶ ነው። አማቴ ለለቅሶ ይሁን ለበዓል መምጣታችን ግራ ገባቸው። ወደ ቆላ ልንወርድ ነው ስንላቸው የየትኛው ታቦት ንግሥ እንደሆነ ጠየቁን። ንግሥ አይደለም፣ ተራራ ልናይ ነው አልናቸው። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከሁለታችሁ የታመመ አለ?» አሉ። ምንይችል በሳቅ ፈነዳ። ሳቁን ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

ሁለት ቀን ሞጣ ዘመድ ስንጠይቅ ቆይተን ሐሙስ በጠዋት ወደ ቆላው መውረድ ጀመርን። ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ከደጋው ብርድ ተነስተን በእያንዳንዱ እጥፋት ሙቀቱ ይጨምር ነበር፤ ጋቢያችንን አወለቅን፣ ቀጥሎ ሹራባችንን፣ ቀጥሎ እኔ ጫማዬን። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ገደል ስንዞር ድንገት ታየን። ከግርጌው በአረንጓዴ የተከበበ፣ ከወገቡ በላይ ቀይ ድንጋይ የሆነ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ከሸለቆው መሀል ብቻውን ቆሟል። በወዲያኛው ጎኑ ወንዙ ያብለጨልጫል። ምንይችል ቆመ። እኔም ቆምኩ። «አላነሰም» አለ ለራሱ።

የተቀበሉን አያ ደምሌና ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። አያ ደምሌ የዚያ የድሮው አጎት ዘመድ ናቸው፤ ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ውሃ ከበብ ላይ ደግሞ የማንጎና የሙዝ አትክልት፣ ቀፎ፣ አንዲት የጥበቃ ጎጆ አላቸው። ቤቱ በሰርግ ዝግጅት ይታመሳል። ሴት ልጃቸው ለዳግማ ትንሣኤ እሑድ ልትዳር ነው። ልንመለስ አልን፤ የማይሆን ነገር ነው። አያ ደምሌ እንግዳ በሰርግ መምጣቱ በረከት ነው ብለው እስከ እሑድ ጎጆዋ የእናንተ ናት አሉን።

ወደ ተራራው የሚያሻግረው የወንዙ ቅርንጫፍ በበጋ ደረቅ ነው። በነጭ ድንጋይ ላይ እየረገጥን ተሻገርን። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከትልቅ አለት ሥር፣ እንደ መስታወት የጠራ ጥልቅ ኩሬ ቀርቷል። ምንይችል አዞ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። አያ ደምሌ አዞው ከታች ዓባይ ላይ ነው፣ እዚህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚዋኝበት ነው አሉት።

እንግዲህ ደረስን። አሁን ምን ይደረግ? ዕቃችንን አስቀምጠን ከጎጆዋ በር ላይ ተቀመጥን። ተራራውን አየን። ማንጎውን አየን። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ አየን። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጥቂት ቆይቶ ምንይችል ተነስቶ ጎጆ ገባ፤ ወዲያው የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ስገባ የተንጋደደውን የጎጆ በር ነቅሎ እያቃና ነው።

«መዶሻ ይዘህ ነው ለእረፍት የመጣኸው?» አልኩት።

«አንቺስ ብብትሽ ሥር የያዝሽው ምንድን ነው?» አለኝ።

ኪሮሼ ነበር፣ ከነክሩ። ተያየን፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለን እስክንደክም ሳቅን።

አርብ ተራራውን ወጣን። መንገድ የለውም፤ የዝንጀሮ መሄጃ ይዘን፣ ሥር እየጨበጥን፣ አንዳንድ ቦታ ላይ እሱ ከላይ ሆኖ እጁን እየሰጠኝ ነው የወጣነው። ብዙ ጊዜ ይበቃኛል ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ቀና ስል የሚጠብቀኝን ፊቱን ስለማይ። አናቱ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ምንም አልቀረውም። ከኋላችን የደጋው ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከፊታችን ሸለቆው እየወረደ እየወረደ ዓባይ ጋ ይደርሳል፤ ማዶ የጎንደር አገር በሰማያዊ ጭጋግ ተሸፍኗል። ምንይችል፣ ያ «እሺ፣ ይደርሳል» የሚለው ሰው፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ስሜን ጮኸ። ገደሉ «የሺ» ብሎ መለሰለት። እኔም ስሙን ጮህኩ። ከዚያ የልጃችንን ስም፣ ከዚያ ያሰኘንን ሁሉ እየተፈራረቅን ጮህን። የሰማን ዝንጀሮ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን ያወራነውን ያህል በዓመት አውርተን አናውቅም። ልጅ ሆኖ ሞጣ አጠገብ ባለ ወንዝ ውስጥ ዋና እንደተማረ፣ እናቱ ሲሰሙ በአርጩሜ እንደገረፉት፣ ከዚያ ወዲህ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። አስተምረኝ አልኩት። በዚህ ዕድሜሽ አላለኝም፤ «ነገ ጠዋት» አለኝ።

ቅዳሜ በጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ ከወዲያ ማዶ ተሻግረው መጡ። ለሰርጉ ዳስ ወለል የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ውሃ ከበብ ዳር ብቻ ነው ለምልሞ የሚገኘው፤ ያንን ሊያጭዱ ነው። እንርዳዎት ስንላቸው እናንተ ለእረፍት ነው የመጣችሁ ብለው አባረሩን። ስለዚህ አሮጌ ቀሚሴን ለብሼ ኩሬው ውስጥ ገባሁ።

መጀመሪያ ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ትንፋሼ ተቆረጠ። ምንይችል አንድ እጁን ከጀርባዬ ሥር አድርጎ ሰማዩን እያየሁ እንድተኛ ነገረኝ። ስገተር እሰጥማለሁ፤ ስላላ ውሃው ያነሳኛል። ብዙ ውሃ ጠጣሁ፤ ሦስት አራቴ አንገቱን አንቄ ተንጠለጠልኩበት። በመጨረሻ ግን ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ የራሴን የልብ ምት እየሰማሁ፣ ሰማዩን እያየሁ ተኛሁ። ቀና ብዬ ሳየው እጁ ከሥሬ የለም፤ ራቅ ብሎ ቆሞ ይስቃል። ብቻዬን ነው የተንሳፈፍኩት! ያ ደስታ አሁንም ሳወራው ደረቴን ይሞላዋል።

እትዬ ጥሩወርቅ ማጭዳቸውን አቁመው ቀና ሲሉ አየሁ። ጆሯቸውን ወደ ላይኛው ሸለቆ አቀኑ። ሰማዩ በእኛ ላይ ጥርት ያለ ነው፤ ደጋው ላይ ግን፣ በጣም ሩቅ፣ ጥቁር ደመና ተከምሯል።

«ውጡ» አሉ። አልጮኹም። «ልጆቼ፣ አሁኑኑ ውጡ።»

ምንይችል ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። አለቱን በእጅም በጉልበትም ወጣን። ያን ጊዜ እኔም ሰማሁት፤ ከባድ መኪና በዳገት ሲያጓራ ዓይነት ድምፅ ነው። የእርጥብ አፈር ሽታ ቀድሞ መጣ። ከዚያ ከእጥፋቱ ቡናማ ነገር ወጣ፤ ግንድና አረፋ ከፊቱ እየገፋ የሚንከባለል ውሃ። ገና ከአለቱ አናት ላይ ትንፋሼ ሳይመለስ የተንሳፈፍኩበት ኩሬ ጠፋ፤ በጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ የተራመዱበት ነጭ ድንጋይ ሁሉ ጠፋ። ውሃ ከበብ እውነትም ተከበበ።

ወንዙ በወዲያም በወዲህም ሞልቷል። ማዶ አያ ደምሌና ዳስ የሚሠሩት ሰዎች እየሮጡ ዳር ደረሱ። ይጮኻሉ፤ ከጉርምርምታው የተነሳ አንድም ቃል አይሰማም። ሁለታችን በሕይወት በመትረፋችን እንስቅ ነበር። ዘወር ስንል ግን እትዬ ጥሩወርቅ ካጨዱት ቄጠማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነገ ጠዋት ሙሽራው ይመጣል» አሉ። «ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት። ሳልመርቃት ልትወጣ ነው።»

ይጎድል እንደሆን ጠበቅን። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ውሃው አንድ ስንዝር ዝቅ አላለም። ደጋው ላይ ያለው ደመና ደግሞ ይበልጥ ጠቆረ፤ ሌሊቱን ሌላ ጎርፍ እንደሚወርድ ለማወቅ የአገሩ ሰው መሆን አያስፈልግም። ምንይችል ዳሩን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ያንን አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ ጣውላ ከመቁረጡ በፊት የሚያየው አስተያየት ነው። ከጎጆዋ በታች ወንዙ ጠበብ የሚልበት ቦታ አለ፤ በእኛ በኩል ትልቅ ሾላ፣ ማዶም ሌላ ዛፍ። ልጅ ሳለ ሰዎች የፈረሰ ድልድይ መሀል በገመድ ታስረው እየተጎተቱ ሲሻገሩ አይቶ ያውቃል፤ ያንን ነው ያሰበው። ገመድ ማዶ ሞልቷል፤ የሰርግ ቤት ነው። ጥያቄው እንዴት እዚህ ይደርሳል የሚለው ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ምን እንዳሰበ ሲነግራቸው ተነሱ። ከጎጆዋ ክዳን ውስጥ ወንጭፍ መዘዙ። በልጅነታቸው ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። እኔ የኪሮሼን ክር ከነኳሱ አመጣሁ፤ ድርብ አድርገን ከድንጋይ ጋር አሰርነው፣ የቀረውን እንዳይተበተብ መሬት ላይ በዙር በዙር ዘረጋሁት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ክሩን በጥሶ ብቻውን ማዶ ደረሰ። ሁለተኛው ውሃው መሀል ወደቀ፤ ጎርፉ ክሩን ሲወስደው ግማሽ ኳስ አለቀብን። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ መቀነታቸውን አጠበቁ። ወንጭፉ በራሳቸው ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ተለቀቀ። ክሩ እንደ ሸረሪት ድር እያበራ በውሃው ላይ ሄደ፤ ሄደና ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። አንድ ጎልማሳ በደረቱ ወድቆ ያዘው። ከዚያ ማዶ የተነሳውን እልልታ ከጎርፉ ድምፅ በላይ ሰማሁት።

ምንይችል ገመድ እንዲያስሩበት በእጁ ምልክት ሰጣቸው። በክሩ ቀጭን ሲባጎ ሳብን፤ በሲባጎው የቃጫ ገመድ፤ በገመዱ ሌላ ወፍራም ገመድና የጠፍር ቀለበት። ምንይችል ሾላው ላይ አስሮ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ ማዶ ያሉት እስኪወጠር ጎተቱ። ሐሙስ ያቃናውን በር ነቅሎ ሁለት ሳንቃ አወጣና መቀመጫ ሠርቶ ከቀለበቱ አንጠለጠለው። ሲቸነክር አየሁት፤ አይቸኩልም፤ እያንዳንዱን ምስማር ሁለቴ ይፈትሻል። መጀመሪያ የላክነው ቄጠማውን ነው። አረንጓዴው ሸክም በቡናማው ውሃ ላይ እየተወዛወዘ ማዶ ሲደርስ ሰዎቹ እንደ ሙሽራ ተቀበሉት።

ቀጥሎ እትዬ ጥሩወርቅ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው በጸሎት እየተንቀሳቀሰ ሄዱ። ማዶ ሲደርሱ አያ ደምሌ ከመቀመጫው ላይ አንስተው እንደ ሕፃን ታቅፈው አወረዷቸው፤ እትዬ ጥሩወርቅም የባላቸውን ትከሻ መቱ፤ በሰው ፊት መታቀፋቸው አሳፍሯቸው ነው።

መቀመጫውን በቃጫው ገመድ ባዶውን ስበን መለስነው። ምንይችል ወደ እኔ ዞረ።

«ከፈራሽ እኛ እዚሁ እናድራለን» አለኝ። «ምግብ አለን፤ ግድ የለም።»

«እፈራለሁ» አልኩት። «ግን መሻገር እፈልጋለሁ።»

ተቀመጥኩ። ወገቤን በመቀነት አሰረኝ። እግሬ ከመሬት ሲለቅ ገመዱን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ውሃው ከሥሬ ይሮጣል፤ እያየሁት እኔ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል የምጓዝ ይመስለኛል። መሀል ላይ ስደርስ ቀለበቱ አንድ ቋጠሮ ላይ ተያዘና ቆምኩ። ማዶ ያሉት ሲጎትቱ ገመዱ ይርገበገባል እንጂ አልንቀሳቀስም። አንድ ትልቅ ግንድ ከታች ሲያልፍ ቅርንጫፉ የእግሬን ጫፍ ነካ። የዚያን ጊዜ ተራራው ላይ እንዳደረገው ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ምንይችል ሲጣራ ሰማሁት። አልተረበሸም። «የሺ፣ አትገተሪ። ላላ በይ። እግርሽን እንደ ዥዋዥዌ አወዛውዢ።» ላላሁ። አንዴ ተወዛወዝኩ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ቀለበቱ ዘለለና መንሸራተት ጀመርኩ። ያኔ ነው ሳቅ ያመለጠኝ። ከጎርፍ በላይ ተንጠልጥዬ፣ አሮጌ ቀሚሴ እየተውለበለበ፣ እንደ ሕፃን ልጅ እየሳቅኩ ማዶ ደረስኩ። ምንይችል ፀሐይዋ ገደሉ ጋ ስትደርስ መጨረሻ ላይ መጣ፤ መዶሻው ወገቡ ላይ ተሽጦ ነበር።

እሑድ ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸውን አገላብጠው ስመው፣ በራሳቸው አፍ መርቀው ሸኙ። ወንዙ ያኔም ሙሉ ነበር። ምንይችልን ሰዎቹ መሀል አስገቡት፤ እስክስታ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ትከሻው እንደዚያ እንደሚሰበቅ ማን ያውቃል? የሙሽራው አጃቢዎች ከየት የመጣ ነው እያሉ ሲጠይቁ እኔ ከዳር ቆሜ የእኔ ነው እል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። አያ ደምሌ ገመዱን አላወረዱትም፤ በቀጣዩ በጋ ምንይችል ደህና መቀመጫ ሠርቶ ወሰደላቸው፤ ሰፈሩ ክረምት ክረምት ይሻገርበታል። እኔ መዋኘት ተማርኩ፤ በደንብ። ፍሬሕይወት ለክረምት ስትመጣ አባቷ ከእኔ ጋር ማታ ሲከራከር ሰምታ ተጣልታችሁ ነው ወይ አለችን። የተከራከርነው በሚቀጥለው ዓመት የት እንሂድ በሚለው ነበር። እሱ ተራራ ይላል፤ እኔ ውሃ።

አንባቢዎቼ፣ እረፍት ገንዘብ ላለው ወይም ለፈረንጅ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። እኛ በእግራችን ወርደን፣ በሶና ድርቆሽ ተሸክመን፣ የሰው ጎጆ ውስጥ ነው ያደርነው። ከዚያ ተራራ ይዤው የተመለስኩት ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ ያላወቅሁትን ሰው ነው። የእናንተም ሰው የሚያልመው ቦታ ይኖረዋል። እራት ላይ ሬዲዮውን አንድ ቀን አጥፉና የት እንደሆነ ጠይቁት።